ድብርት፣ ቅጠልና ፍሪጁ ላይ ያለው ጠርሙስ፦ ከጅማ የተነሳ ጥያቄና 27 ምላሾች

በኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ የከፈትኩት የጥያቄና መልስ ክር ረዝሟል። አዲስ የሚገባ ሰው መሃሉ ላይ ይወድቅና ቀድሞ የተመለሰውን እንደገና ይጠይቃል። ስለዚህ ጥያቄውን ያነሳሁት እኔው ከላይ እስከ ታች ልተርከው ብያለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፣ የማንንም ስም አልጠራሁም፤ በተራ ቁጥር ብቻ ነው የምሄደው። ያዳላሁበት ቦታ ካለ ባለቤቱ ይውቀሰኝ።

የመክፈቻው ጽሑፍ

የጻፍኩት ሐምሌ ውስጥ ነው፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ። የጅማን ክረምት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይውጠዋል። አስተማሪ ነኝ፤ ፈረንጅ አራዳ ተከራይተን ከእናቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ፣ ባለቤቴ ለሥራ ሚዛን ተፈሪ ነው የሚከርመው። ከግንቦት ጀምሮ ደስ የሚለኝ ነገር ጠፋ። አላለቀስኩም፣ ሥራዬንም አልተውኩም፤ ፈተና አርሜአለሁ፣ ካርድ ሞልቻለሁ። ግን ያጠብኩትን ልብስ ከገመድ ላይ ሳላወርደው ሁለት ቀን ሙሉ ዝናብ ወረደበት፤ በመስኮት እያየሁት። እንቅልፌ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሰበራል። እናቴ ቡና ስትቆላ ምጣዱን ወደ እኔ አምጥታ ጭሱን ታራግብልኛለች፤ ለእሷ ስል አሸትታለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም።

ጀርመን ያለው ወንድሜ ይህን ሲሰማ በሰው እጅ አንድ ጠርሙስ እንክብል ላከልኝ። ላዩ ላይ ቢጫ አበባ ተስሎበታል፤ ጀርመኖቹ ዮሐኒስክራውት ይሉታል፣ በብዛት የሚታወቀው ሴንት ጆንስ ዎርት በሚለው ስሙ ነው። እናቴ በበኩሏ ሐሙስ ዕለት ሂርማታ ገበያ ወጥታ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ጦስኝና አንድ ጭብጥ የቀበርቾ ሥር ይዛ መጣች። ሁለቱም ፍሪጁ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔም ሆስፒታል የማያስኬድ ቀላል ድብርት ያለበት ሰው ከየትኛው ቢጀምር ይሻላል ብዬ ጠየቅኩ። መጨረሻ ላይ፣ ቅጠል ስለሆነ ባይጠቅምም አይጎዳም የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አደረግኩ። ጉዱን ያመጣችው እሷ ናት።

ምላሽ 1 እና 2

የመጀመሪያዋ የአጂፕ ሰፈር ሴት ናት። እህት ዓለም ብላ ጀምራ፣ ከሰዓት በኋላ ቡና እንድተውና ማታ ጦስኝ በማር እንድጠጣ መከረችኝ። ጅማ ላይ ተቀምጦ ቡናን መንካት ድፍረት ይጠይቃል፤ ምክንያቷ ግን የሚያሳምን ነበር። ካፌይን ሰውነት ውስጥ ከገባ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ እዚያው ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በረካን የጠጣ ሰው አራት ሰዓት ላይ ሲተኛ ግማሽ ስኒው አብሮት ይተኛል። ጤና አዳምን በተመለከተም ቡና ላይ ጣል የሚደረገው አንድ ቅንጣት ሌላ፣ ተጨምቆ በብርጭቆ የሚጠጣው ሌላ መሆኑን አስታወሰች፤ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ጭማቂው አጠገብ አትድረሺ ብላለች፣ ማህፀን ያነሳሳልና።

ሁለተኛው ጠበል ሄጄ እንድጠመቅ በትህትና ጻፈ። ጠበል የያዘ ሰው መድኃኒቱን ይጣል የሚሉትን እንደማይደግፍም ጨመረ፤ ይህን ማለቱ ብዙ ሰው አስደሰተ።

ምላሽ 3፣ 4 እና 5

ሦስተኛው ይሄ የጥጋብ በሽታ ነው አለ። እናቱ ከጅሬን እስከ ከተማ እንጨት ተሸክማ ሰባት ልጅ ስታሳድግ ድብርት የሚባል ነገር ሰምታ እንደማታውቅ ነገረን። ያን ቀን ስልኬን ወርውሬ ተኛሁ፤ ለጥቂት ሰዓትም ልክ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነበር።

አራተኛዋ መለሰችለት። እናትህ ድብርት የሚለውን ቃል አልሰማች ይሆናል፣ ግን ሆድ ባሰኝ፣ ባር ባር አለኝ ስትል ሰምተሃታል ወይስ እሱንም አልሰማሃትም ብላ ጠየቀችው። መልስ የለም። አምስተኛው በስድብ ገባ፤ አስተዳዳሪዎቹ አነሱት፣ ስለዚህ እኔም አልተርከውም።

ምላሽ 6

ክሩን ክር ያደረገው ይህ ነው። ጻፊው ጅማ ተወልዶ ያደገ ፋርማሲስት ነው፤ አሁን አዲስ አበባ ይሠራል። መጀመሪያ ለወንድሜ አዘነለት፤ የላከው ነገር ተራ የገበያ ወሬ አይደለምና። ቢጫ አበባው ሃይፐሪከም ፐርፎራተም ይባላል፤ ከዕፅዋት መካከል ለድብርት ብዙ ጥናት የተደረገበትም እሱ ነው። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ግምገማ 5,489 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 29 ሙከራዎች ሰብስቦ አይቶ ነበር። ውጤቱ፣ ዕፁ መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ እንክብል ይሻላል፣ ከተለመዱት የድብርት መድኃኒቶች ጋር ተቀራራቢ ነው፣ በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት የሚያቋርጡትም ያነሱ ናቸው የሚል ነው። ሙከራዎቹ ላይ የተለመደው መጠን በቀን 900 ሚሊግራም ለሦስት ተከፍሎ ነው። ለውጡ በማግሥቱ አይመጣም፤ ሳምንታት ይፈልጋል።

እዚህ ድረስ ሳነብ ጠርሙሱን አውርጄ ክዳኑን ፈትቼ ነበር።

ቀጥሎ የኔን ዓረፍተ ነገር አነሳ። የሚጠቅመው ቅጠል ስለሆነ ሳይሆን ውስጡ የሚሠራ ኬሚካል ስላለ ነው፤ የሚሠራ ነገር ደግሞ የሚሠራው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ይህ ዕፅ ጉበትን ያተጋዋል። ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚፈጭበትን ወፍጮ ያፈጥነዋል፤ የምትውጪው ክኒን ሥራውን ሳይጨርስ ተፈጭቶ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት ኢንዲናቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት ከዚህ ዕፅ ጋር የወሰዱ ጤነኛ ፈቃደኞች ደም ውስጥ የመድኃኒቱ መጠን በ57 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪንም፣ ኩላሊት የተተካለት ሰው የሚወስደው ሳይክሎስፖሪንም እንደዚሁ ይወርዳሉ።

ከዚያ ሦስት ጥያቄ አስቀመጠልኝ። በየቀኑ የምትወስጂው መድኃኒት አለ? ሌላ የድብርት ወይም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ጀምረሻል? የወሊድ መከላከያ ትጠቀሚያለሽ?

ምላሽ 7

አንድ የማስተርስ ተማሪ ፋርማሲስቱን አረመው፣ ትንሽ ጠንከር ብሎ። የ2008ቱን ጠቅሶ የ2002ቱን መዝለል ተገቢ አይደለም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ መካከለኛ የሚባል ድብርት ባለባቸው 340 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ ዕፁ ከማስመሰያው የተለየ ውጤት አላመጣም። ራሱ ኮክሬንም ጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች የሠሯቸው ጥናቶች ውጤት ከሌሎቹ የበለጠ ብሩህ መሆኑን ጽፏል።

ምላሽ 8

ፋርማሲስቱ አልተቆጣም። እርማቱን ተቀብሎ አንድ ነገር ብቻ አከለበት፤ በዚያው የ2002 ጥናት ላይ ለማወዳደሪያ የቀረበው ሰርትራሊን የተባለ የድብርት መድኃኒትም በዋናው መለኪያ ከማስመሰያው አልበለጠም፣ ስለዚህ ዕፁን ብቻ የሚጥል ጥናት አይደለም። የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ናይስ እ.ኤ.አ. በ2022 መመሪያው ዕፁ ሊጠቅም እንደሚችል ሳይክድ፣ የየፋብሪካው መጠን ስለሚለያይና ከሌላ መድኃኒት ጋር ስለሚጋጭ ሐኪሞች እንዳያዙት ይመክራል። ለቀላል ድብርት ደግሞ መድኃኒትን የመጀመሪያ ምርጫ አታድርጉ፣ ንግግርን፣ የሰውነት እንቅስቃሴንና ቀንን በዕቅድ መያዝን አስቀድሙ ነው የሚለው። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ሰዎች ሌላ ክር ከፍተው ስለ ጥናት አሠራር ሲከራከሩ ከረሙ። እኔ አልተከተልኳቸውም።

ምላሽ 9 (የኔ)

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች የለም፣ የለም ብዬ አለፍኳቸው። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ቀኝ እጄ ሳላዝዘው የግራ ክንዴን ውስጠኛ ጎን ይዳብስ ነበር። እዚያ፣ ከቆዳው ሥር፣ የክብሪት እንጨት የምታክል ለስላሳ ዘንግ አለች፤ ለሦስት ዓመት ተብላ የተቀበረች። ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው።

ጻፍኩለት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ መለሰ። ከዘንጓ የሚወጣው ሆርሞን በየቀኑ በጣም ትንሽ ነው፤ ጉበት ሲፈጥን ያ ትንሹ ይበልጥ ያንሳል። የእንግሊዝ መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2014 በክንድ የሚቀበረውን ጨምሮ ሆርሞን ያለበት መከላከያ የሚጠቀሙ ሴቶች ይህን ዕፅ እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል፣ ያልታሰበ እርግዝና ተከትሏልና። ዕፁን ካቆሙ በኋላም ጉበት ወደ ቀድሞው ለመመለስ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል።

ክዳኑን መልሼ አጠበቅኩት። ወንድሜ መከላከያ መጠቀሜን ከየት ያውቃል? እንዲህ ያለውን ነገር ለወንድም የሚነግር የለም። እናቴም አታውቅም። ጠርሙሱ ጀርመን ሱቅ ሲሸጥ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይሆናል፣ ግን ወረቀቱ ጀርመንኛ ነው፣ ያመጣው ሰውም ሻንጣው እንዳይከብድ ካርቶኑን ጥሎታል።

ምላሽ 10፣ 11 እና 12

ደጋ ያደጉ አንድ አባት ገቡ። አጻጻፋቸው የድሮ ደብዳቤ ይመስላል፣ ጤና ይስጥልኝ ብለው ጀምረው ከአክብሮት ሰላምታ ጋር ብለው ጨረሱ። ቢጫ አበባ ፍለጋ ጀርመን ድረስ መሄድ ለምን አስፈለገ፣ ተራራው ላይ አሜጃ ሞልቶ የለም ወይ ነው ነገራቸው። ባሌ ሲሠሩ ኦሮሞው ገረምባ እንደሚለው ሰምተዋል።

ዕፅዋት ያጠናች አንዲት ልጅ አባባ ብላ በአክብሮት አረመቻቸው። አሜጃ ሃይፐሪከም ሬቮሉተም ነው፤ ከጀርመኑ ጋር በወገን አንድ ይሁን እንጂ ዝርያው ሌላ ነው፣ ሰዎች ላይ የተሞከረውም እሱ አይደለም። የጀርመኑ ቁመቱ ከጉልበት እስከ ወገብ ነው፣ አሜጃ ግን ዛፍ ይሆናል። የጀርመኑን ቅጠል ወደ ብርሃን ብታነሱት በመርፌ የተወጋ ይመስላል፤ ፐርፎራተም መባሉም ለዚሁ ነው፣ የዘይት ከረጢቶቹ ናቸው እንደዚያ የሚያሳዩት። የአጎት ልጅ ስለሆነ ብቻ መታወቂያውን አይዋስም አለች። ወደድኩላት።

አሥራ ሁለተኛው ቅዱስ ዮሐንስ የሚለው ስም ላይ ተንጠለጠለ። ፈረንጆቹ የዮሐንስን ልደት በሰኔ አጋማሽ ያከብራሉ፣ አበባውም ያኔ ይፈካል፤ እኛ ዘንድ ዮሐንስ መስከረም 1 ነው፣ ስለዚህ የኛ የድብርት መድኃኒት አደይ አበባ ነው ብሎ ቀለደ። ለሁለት ቀን ክሩ የእንቁጣጣሽ ዶሮ ዋጋ ላይ ዋለ። እዘለዋለሁ።

ምላሽ 13 እና 14

አሥራ ሦስተኛዋ ልጅ ሳለች ሲከፋት አያቷ ግዛዋ አጭሰው በነጠላ ሸፍነው ያጥኗት እንደነበር አወራች። ለልክፍትና ለቡዳ ነው የሚባለው። ጭሱ ያስነጥሳታል፤ ከነጠላው ስትወጣ ግን አያቷ ግንባሯን ይስሟት ነበር፣ የሚሻላትም እዚያ ላይ ነበር። የቱ እንደሠራ እስከ ዛሬ አላውቅም አለች።

አሥራ አራተኛው ይህን ሲያነብ ከወንበሩ ሳይነሳ አልቀረም። በኢንተርኔት በውድ ዋጋ የሚሸጠው አሽዋጋንዳ እኮ ይኸው ግዛዋ ነው! ዊታኒያ ሶምኒፌራ፤ ስሙ ራሱ እንቅልፍ አምጪ ማለት ነው። ህንዶች ሥሩን ይፈጩታል፣ ለውጥረትና ለእንቅልፍ ትንንሽ ጥናቶች አሉት። ወዲያው ደግሞ ጥላውን ጠቀሰ፤ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች ተመዝግበዋል፣ የታይሮይድ ሆርሞንን ሊያንር ይችላል፣ በእርግዝና ጊዜ አይመከርም፣ ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2023 ከልክላዋለች። ማጠንና መዋጥ አንድ እንዳልሆነም አስምሮበታል። አጥር ሥር የበቀለ ሁሉ ለድስት አይደለም።

ምላሽ 15፣ 16 እና 17

ነጋዴው መጣ። ዘጠኝ ዓይነት ቅጠል የተቀላቀለበት ዱቄት አለኝ፣ ድብርት፣ ስኳር፣ ደም ግፊትና የገበያ መቀዝቀዝ ያድናል ብሎ ስልክ ቁጥር አስቀመጠ። የገበያ መቀዝቀዙን እኔ አልጨመርኩም፣ ራሱ ነው የጻፈው።

አሥራ ስድስተኛዋ ዘጠኙን ቅጠሎች በስም እንዲዘረዝር ጠየቀችው። ምስጢር ነው አለ። ምስጢር ከሆነ ለበሽተኛ አይሰጥም አለች። ልጄ ሆይ ብሎ ሊመክራት ሞከረ፤ ልጅህ አይደለሁም፣ ምናልባት ታላቅህ ነኝ አለችው። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፣ እየከረረ ሄደ።

አሥራ ሰባተኛው ጻፊ ሁለቱንም ዝም አሰኛቸው። ታናሽ ወንድሙ እንቅልፍ እምቢ ቢለው ከአንድ ሰው ምስጢር የሆነ ዱቄት ተቀብሎ በውሃ በጥብጦ ጠጣ። በሁለት ሰዓት ውስጥ አፉ ደርቆ ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣበቀ፣ ፊቱ ቀላ፣ የዓይኑ ብሌን ከመስፋቱ የተነሳ ጥቁር ብቻ ሆነ። አልጋ ላይ ተቀምጦ የሌለ ክር ከአየር ላይ ይለቅም ነበር፣ ለቅሞም ለእናቱ ይሰጣት ነበር። እሷም እየተቀበለች እያለቀሰች። ሐኪሙ ምልክቱን አይቶ አስተናግር ነው አለ፤ በየመንገዱ ዳር፣ በየቆሻሻው ላይ የሚበቅለው፣ ነጭ መለከት የሚመስል አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው። ልጁ በሦስተኛው ቀን ወደ ራሱ ተመለሰ። ሽንቱ ስለተያዘ በቱቦ ነበር የወጣው።

ነጋዴው ከዚያ በኋላ አልጻፈም። አስተዳዳሪዎቹ ስልክ ቁጥሩን አጠፉት።

ምላሽ 18፣ 19 እና 20

ጅማ ላይ ስለ ቅጠልና ስለ መንፈስ ተወርቶ ጫት ሳይነሳ አይቀርም፤ እንዲያውም ዘገየ። አሥራ ስምንተኛው ተማሪ ነው። አቦ ለምን ትዞራላችሁ፣ ደስታ የሚሰጥ ቅጠል አጠገባችሁ በኮባ ተጠቅልሎ ይሸጣል አለ። በርጫ ላይ ሲቀመጥ ድብርቱ ብን ብሎ ይጠፋል።

አሥራ ዘጠነኛው አሥራ ሁለት ዓመት ቅሞ የተወ ሰው ነው። ወንድሜ ብሎ ለስለስ ባለ ቋንቋ የቀኑን ካርታ ሳለለት። ከቀትር በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ምርቃና ነው፤ ዕቅድ ሁሉ ይሠራል፣ ዓለም ይስተካከላል። ሲመሽ ዝም ትላለህ፣ ትከፋለህ፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ እሱን ለመስበር ጨብሲ ትላለህ፣ መጠጡም የራሱን ጭጋግ ይዞ ይመጣል። ጠዋት ሀራራ፤ እስክትቅም ድረስ ሰው አታናግርም። ልተው ስትል ደግሞ ዱካክ ሌሊት ያፍንሃል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው፤ ከተቀጠፈ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ኃይሉ ስለሚወርድ ነው ጫት የጫነ መኪና እንደዚያ የሚበረው። ድብርቱን እየወሰደ ያለው ቅጠሉ መስሎኝ ነበር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያመጣው የኖረው እሱ ነው አለ።

ተማሪው መልስ አልሰጠም። የሚገርመው ሃያኛው ሆኖ የመጣው ያ የጥጋብ በሽታ ነው ያለው ሦስተኛው ሰውዬ ነበር። ልጁ ቃሚ መሆኑን፣ አመሻሽ ላይ ክፍሉን ዘግቶ እንደሚቀመጥ፣ እሱም ሰነፍ እያለ ሲሰድበው እንደኖረ ጻፈ። ዱካክ የሚለውን ቃል ልጁ በእንቅልፉ ሲጮህ ካደረበት ሌሊት ጋር ያገናኘው አሁን ነው። ይቅርታ አልጠየቀም፣ እኔም አልጠበቅኩም። አሥራ ዘጠነኛው ስልኩን በግል ላከለት።

ምላሽ 21 እና 22

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንዲት እህት ተልቢና ይዛ መጣች፤ ለሚያዝን ሰው ልብ እንደሚያሳርፍ በሐዲስ የተነገረለት የገብስ አጥሚት ነው። ከነገለባው የተፈጨ ሁለት ማንኪያ የገብስ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውሃ ወይም ወተት እየተማሰለ አሥር ደቂቃ ያህል በዝግታ ይበስላል፤ ሲወርድ ማር ይጨመርበታል። መድኃኒት ነው ብላ አልተሟገተችም። የከፋው ሰው ምግብ ይጠላል፣ ይህ ደግሞ ሳይታኘክ ይወርዳል አለች። ከመጡት ምክሮች ሁሉ በማግሥቱ የሞከርኩት ይህንን ነው፤ እናቴ የገብስ ገንፎ ቀጥኖባት ተቸገረች እንጂ ልጆቹ ወደዱት።

ሃያ ሁለተኛው ከዚያው ተነስቶ ወደ ካፋ ጨሞ ነጎደ፤ የቡና ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከበርበሬና ከጤና አዳም ጋር የሚፈላው። ስለ ጨሞ ማወቅ የሚፈልግ ካለ ሚዛን ያለው ባለቤቴ ይጠየቅ፣ እሱ ጠዋትና ማታ ነው።

ምላሽ 23 እና 24

እዚህ ላይ ረጋ ልበል። ሃያ ሦስተኛው እስከዚያ ድረስ ሲያነብ ብቻ የከረመ ሰው ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ሁለት መስመር ጻፈ። የኛ ወሬ ቀላል ስለሚባለው ድብርት እንደሆነ እንደገባው፣ የሱ ግን ቀላል እንዳልሆነና ባልኖር ይሻላል የሚል ሐሳብ እየተመላለሰበት መሆኑን።

ስለ ቅጠል ያወራ ማንም አልነበረም። ፋርማሲስቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይህ ለነገ የሚተው እንዳልሆነ፣ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ክፍት እንደሆነ ጻፈለት። አንድ የመንቲና ባጃጅ ነጂ ሰፈሩን ብቻ ንገረኝ፣ ሂሳብ የለም፣ እስክትገባ አብሬህ እቀመጣለሁ አለው። ከዚያ ወሬው ወደ ግል መልእክት ሄደ። ንጋት ላይ ነጂው ሃያ አራተኛው ሆኖ ደርሰናል፣ ሐኪም ጋር ገብቷል ብሎ ጻፈ። ሰውዬውም ከሳምንት በኋላ ራሱ ገብቶ ስለ ጨሞው አንድ ቀልድ ጣል አድርጎ ወጣ።

ምላሽ 25

አንዲት የጤና መኮንን ከዚያ ሌሊት በኋላ ቀላልና ከባድ የሚለው በምን እንደሚለይ አስረዳች። ጤና ጣቢያም ሆስፒታልም የሚጠየቁ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉ፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስታ ማጣት፣ እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት፣ ራስን መውቀስ፣ ትኩረት እያለ ይሄዳል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ጠቅላላው 27 ነው። ከ5 እስከ 9 ቀላል ይባላል፣ ከ10 ጀምሮ መካከለኛ። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ መሞት ሐሳብ ነው፤ እዚያ ላይ አዎ ያለ ሰው ድምሩ ትንሽ ቢሆንም ብቻውን ወደ ቤት አይላክም። ድብርት የሚመስል የደም ማነስና የእንቅርት ችግር ስላለም ያንን ሳያዩ ወደ ቅጠልም ወደ ክኒንም መሮጥ እንደማይገባ ተናገረች። እንቅርት ስትል አንገቴን ዳበስኩ፤ በዚህ ክር ያልዳበስኩት የሰውነቴ ክፍል የለም።

ምላሽ 26 (የኔ)

ሰኞ ጠዋት ጠርሙሱንም የእናቴንም ጥቅል በፌስታል ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርድ ለማውጣት አንድ ሰዓት ተኩል ተሰለፍኩ፤ መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ምንሽን ነው ያመመሽ ብሎ ሲጮህ ኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ ሰሙ፣ እኔም ራሴን አልኩ። ውስጥ ያገኘኋት ነርስ ግን በሩን ዘጋች። ዘጠኙንም ጠየቀችኝ። 8 ሆነ። ዘጠነኛው ላይ ዓይኔን እያየች ነበር የጠየቀችኝ፤ 0 ነው፣ እውነቴን ነው።

ደም ተወሰደልኝ፤ ደም ማነስ አለብኝ፣ የብረት ክኒን ተሰጠኝ። የድብርት መድኃኒት አሁን አያስፈልግሽም ብላ በሁለት ሳምንት እንድመለስ ቀጠረችኝ። እስከዚያ በየቀኑ ቀድሞ ደስ ይለኝ ከነበረው አንድ ነገር ብቻ፣ ደስ ባይለኝም፣ በሰዓቱ እንድሠራ ነገረችኝ። ዝናብ ሲያባራ ከልጄ ጋር እስከ አዌቱ ድልድይ በእግር መሄድን መረጥኩ። የእናቴን ጥቅል ከፍታ አሸተተችው። ጦስኙን ጠጪው፣ ዳማከሴውን ምች ሲመታሽ አስቀምጪው፣ ቀበርቾውን መስኮት ከፍተሽ አጭሺው አለችኝ። ጠርሙሱን ግን አንብባ ስትጨርስ ወደ ክንዴ አመለከተች። አውቃለሁ አልኳት።

ምላሽ 27

ትናንት ማታ አንድ አዲስ ሰው ገባ። ከላይ ያለውን አላነበበም። እንክብሉን የማትጠቀሚበት ከሆነ እኔ ልግዛሽ፣ ኮቺ ሰፈር ነኝ፣ ባጃጅ ይዤ ልምጣ ነው የሚለው።

ሦስቱን ጥያቄዎች ጻፍኩለት። አንብቧቸዋል፣ እስካሁን ግን አልመለሰም፤ ጠርሙሱም ፍሪጁ ላይ ነው።